ባለ አዝራሩ ብርጭቆ

«አባባ፣ አፍዎን ይክፈቱ።»

የልጅቷ አያት ገና ኮታቸውን አውልቀው አልጨረሱም። አንድ እጃቸው ከእጅጌው ወጥቶ ሌላው እንደገባ፣ ሳሎኑ መሃል ቆመው እንደ ታዛዥ ተማሪ አፋቸውን ከፈቱ። እናቷ ጠጋ ብላ አሸተተች። ትንሽ አሰበች። ደግማ አሸተተች።

«ናና ናና ይላል።»

«የጥርስ ሳሙና ይሆናላ» አሉ አያቷ።

«በአሥራ አንድ ሰዓት? ሥራ ቦታ ጥርስዎን ፋቁ?»

«ንጹሕ መሆንም ተከለከለ እንዴ?»

በሩ ጋ የቆመችው ልጅ መሳቅ አማራት፤ ግን አልሳቀችም። ዩኒፎርሟ ኪስ ውስጥ የናና ከረሜላ መጠቅለያ ነበር። ጨበጥ ስታደርገው ወረቀቱ ኮሽ አለ። ለእሷ ቤቱን የሚያናጋ ድምፅ መሰላት፤ ሌላ ማንም ግን አልሰማውም።

እናቷ ወንበር ስባ ተቀመጠች። የሳቅ ፊት አልነበራትም።

«ዛሬ ክሊኒክ ሄጄ የደም ምርመራዎን ውጤት ተቀበልኩ። ያኔ ሐኪሟ ምን ነበር ያለችን? ‹ስኳር በሽታ ገና አልያዛቸውም፤ ደጃፉ ላይ ናቸው። ጣፋጭ ከቀነሱ መመለስ ይችላሉ› አላለችም? እኔም ከሻይዎ ስኳር አወጣሁ። ብስኩት የሚባል ነገር ከቤት አጠፋሁ። ዛሬ ምን አለችኝ መሰለዎት? ጨምሯል! ‹ተደብቀው ይበሉ ይሆን?› ስትለኝ የምገባበት ጠፋኝ።»

አያቷ ሁለተኛውን እጅጌ ቀስ ብለው አወለቁ። ኮቱን ትከሻ ለትከሻ ገጥመው፣ ስፌቱን በመዳፋቸው አለስልሰው ወንበሩ ላይ አንጠለጠሉት። ልብስ ሰፊ ስለሆኑ ልብስ መወርወር አይሆንላቸውም፤ ሲከፋቸው ደግሞ ይበልጥ ይጠነቀቃሉ።

«ተደብቄ አልበላሁም» አሉ።

«ታዲያ ከየት መጣ?»

አያቷ የኮቱን ኮሌታ አቃኑ።

«እንግዲያው ሱቁ ነው» አለች እናቷ። «ቀኑን ሙሉ የሚያይዎት ሰው የለም። ዓይንዎም እየደከመ ነው። እሁድ ወንድሜ ሲመጣ እንነጋገርና ቁልፉን ይሰጡኛል፤ እዚሁ ቤት፣ ዓይኔ ሥር ይቀመጣሉ።»

ቁልፉ ያለው አያቷ ደረት ኪስ ውስጥ ነበር። እጃቸው ሳያውቁት ወደዚያው ሄደ። ልጅቷ ያንን አየችና ኪሷ ውስጥ ያለው ወረቀት እሳት ሆኖ ፈጃት።

ሱቁ ከቤታቸው ሁለት መታጠፊያ አልፎ የሚገኝ ጠባብ ክፍል ነው። በመስኮቱ ሥር በእግር የሚረገጥ አሮጌ የስፌት መኪና አለ። ግድግዳው ላይ ካርቶን ተቆርጦ የተሠራ የሱሪ፣ የቀሚስና የኮት ልክ ተሰቅሏል። ከዚያ የተረፈውን ቦታ ሁሉ የሞላው «እሺ» ነው። አያቷ ለደንበኛ እምቢ አይሉም። «ለዓርብ ይደርስልኛል?» ሲባሉ «እሺ»፤ «ይቺን ብቻ ያጥብቡልኝ» ሲባሉ «እሺ»፤ ከሌላ ሰፊ ተበላሽቶ የመጣ ኮት ሲያዩ ራሳቸውን ነቅንቀው «እሺ፣ ይቀመጥ»። ስለዚህ ሱቁ ውስጥ እንደ ሰው ቀጥ ብሎ መሄድ አይቻልም፤ በጎን ነው።

ልጅቷ ጠዋት ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ከመሄዷ በፊት እዚያ ትገባለች። ከመኪናው አጠገብ መርፌ የሚሰካባት ትንሽ ቀይ ትራስ አለች። አያቷ ለእጅ ስፌት የሚፈልጓቸውን መርፌዎች በሙሉ ክር አስገብታ በየቀለማቸው ትሰካላቸዋለች፤ ጥቁር ከጥቁር፣ ነጭ ከነጭ፣ ቡናማ ከቡናማ። «ዓይኔ» የሚሏት ለዚህ ነው። ገና አንደኛ ክፍል ሳለች ሥራውን ሲያስተምሯት ደሞዟ በቀን አንድ የናና ከረሜላ ነበር። ከመደርደሪያው ላይ ካለው የከረሜላ ዕቃ ያወጡና «ደሞዝ ወጥቷል» ይሏታል።

ሐኪሟ ጣፋጭ ይቀንሱ ስትል አያቷ ዕቃውን ለእሷ ሰጧት። «አንቺ ጋ ይቀመጥ፤ እኔ ጋ ካለ አይበረክትም።» ከዚያ አንድ ጠዋት፣ ከቤት ትንሽ ዘግይታ ወጥታ ስትደርስ፣ አያቷ ራሳቸው ክር ሊያስገቡ ሲታገሉ አገኘቻቸው። ክሩን በምላሳቸው ያርሳሉ፣ ወደ መስኮቱ ይዞራሉ፣ አንድ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፤ ክሩ ቀዳዳውን ስቶ በጎን ያልፋል። በመጨረሻ መርፌዋን አስቀምጠው እጃቸውን ማየት ጀመሩ። አንጀቷ አልቻለም። አንድ ከረሜላ መዳፋቸው ላይ አስቀመጠችና «ደሞዝ ወጥቷል» አለቻቸው። እንደ ሕፃን ሳቁ። ከዚያ ወዲህ ጠዋት አንድ፣ ከትምህርት ቤት ስትመለስ አንድ ትሰጣቸዋለች። ሁለት ከረሜላ ምን ያደርጋል? እንዲያ ነበር የምታስበው።

አሁን ግን ውጤቱ ጨምሯል።

በማግሥቱ የሳይንስ መምህራቸው አንድ የሻይ ማንኪያ፣ አንድ ማስመሪያና ትንሽ ከረጢት ስኳር ይዞ ገባ። ማንኪያውን ሞላና ክምሩን በማስመሪያው ጠረገው።

«ይህ አናቱ የተላጨ ማንኪያ ነው። አራት ግራም ገደማ ይይዛል። የተከመረውን አንድ ብላችሁ ከቆጠራችሁ ራሳችሁን ሸወዳችሁ ማለት ነው። አንድ ትልቅ ሰው በቀን ከዚህ ከአሥራ ሁለት በላይ እንዳይወስድ ይመከራል። ከስድስት በታች ቢሆን ደግሞ የበለጠ ጥሩ ነው። እናንተም ከዚያ ባታልፉ ይሻላል።»

«ቲቸር!» አለች ከልጅቷ አጠገብ የምትቀመጠው ጓደኛዋ። አፏ ስለማያርፍ ክፍሉ ሁሉ «ራዲዮ» ይላታል። «የእኔ አንድ ሻይ ብቻውን አራት ነው እኮ! በቃ ሬሳ ነኝ ማለት ነው?»

«ሬሳ እንዲህ አያወራም፤ አትፍሪ» አለ መምህሩ። ክፍሉ በሳቅ ሞላ። እሱ ግን ሳቁ እስኪያልቅ ጠብቆ ቀጠለ። «በአንድ ቀን ማንም ምንም አይሆንም። ነገሩ የሚመጣው ቀን በቀን ሲጠራቀም ነው። መጀመሪያ ጥርስ፣ ከዚያ ክብደት። ደም ውስጥ ያለው ስኳር ለብዙ ጊዜ ከፍ ብሎ ከቆየ ደግሞ ልብን፣ እግርን፣ ዓይንን ይጎዳል።»

ልጅቷ «ዓይንን» ሲል ብዕሯን አስቀመጠች።

«ፍራፍሬስ ቲቸር?» አለ አንዱ ከኋላ።

«ብርቱካኑን ልጠህ ከበላኸው አይቆጠርም። ወተት ውስጥ ያለውም አይቆጠርም። ተጨምቆ ጭማቂ ሲሆን ግን ይቆጠራል።»

«ማርስ?»

«ማርም።»

«ኧረ ቲቸር! ማርማ መድኃኒት ነው!» ክፍሉ ተንጫጫ።

«አፍህ ስኳር ይለዋል፣ ማር ይለዋል። ደምህ ስም አይጠይቅም።» መምህሩ እጁን ከስኳሩ አራገፈ። «ለነገ፣ ለቅዳሜ፣ የቤት ሥራ አላችሁ። ከቤታችሁ አንድ ሰው ምረጡና ከጠዋት እስከ ማታ ተመልከቱ። አትምከሩ፣ አትከልክሉ፣ ምንም አትቀይሩ፤ ዝም ብላችሁ እዩ። አፉ ለገባው ለያንዳንዱ ማንኪያ አንድ ጠጠር ወይ አንድ ባቄላ ብርጭቆ ውስጥ ጣሉ። ሰኞ ብርጭቆውን ይዛችሁ ኑ።»

«እኔ አባቴን ነው የማየው» አለች ራዲዮ ሲወጡ። «ብርጭቆ አይበቃውም፣ ባልዲ ነው የማመጣው። አንቺስ?»

«አያቴን።»

«በናትሽ! ያለ ስኳር ባዶ ሻይ የሚጠጡ ሰውዬ? ባዶ ብርጭቆ ይዘሽ መጥተሽ ሙድ ሊያዝብሽ?»

«ባዶ ቢሆን ደስ ይለኛል» አለች ልጅቷ። እውነቷን ነበር። ከሁለቱ ከረሜላ በቀር ብርጭቆው ባዶ ከሆነ እናቷ ፊት ታስቀምጠዋለች። ተደብቀው እንዳልበሉ እናቷ በዓይኗ ታያለች። ሱቁም አይዘጋም።

ቅዳሜ ጠዋት ከሁሉም ቀድማ የተነሣች መስሏት ነበር። ወጥ ቤት ስትገባ ግን እናቷ ጀርባዋን ሰጥታ አንድ ሲኒ ሙቅ ውኃ ታማስላለች። ከጎኗ የማር ማሰሮው ክፍት ነው፤ በውስጡ የቆመችው የሾርባ ማንኪያ ናት።

«የማን ነው እማዬ?»

እናቷ ደንገጥ አለች። «ውይ፣ አስደነገጥሽኝ! የአባባ ነው። ጠዋት ጠዋት ጉሮሮአቸውን ይከረክራቸዋል። ማር እኮ ስኳር አይደለም።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እዚያ ቆሜ ስጮኽባቸው እውላለሁ፤ ቢያንስ ጠዋት አንድ የሚጣፍጥ ነገር ከእጄ ይቅመሱ ብዬ ነው።»

ሲኒውን ይዛ ወደ አያቷ ክፍል ስትሄድ ፊቷ ላይ የነበረው ፍቅር ልጅቷን አፏን አስያዛት። የማሩን ማንኪያ አንሥታ አየችው። ሙሉ የሾርባ ማንኪያ። በሻይ ማንኪያ ስኳር ሲመነዘር አራት ይሆናል።

ሱቁ እንደደረሱ የአያቷን የአዝራር ቆርቆሮ ለመነች። «ለትምህርት ነው» ስትላቸው «እሺ» አሉ። ንጹሕ የሻይ ብርጭቆ መስኮቱ ላይ አስቀመጠችና አራት ቡናማ አዝራሮች ጣለችበት። የመጀመሪያዎቹ ኪል ኪል አሉ። ከዚያ መርፌዎቹን ጨረሰች፤ እንደ ልማዷም ከረሜላውን መዳፋቸው ላይ አኖረች። መምህሩ ምንም አትቀይሩ ብሏል። አንድ ቀይ አዝራር።

ረፋድ ላይ መንገዱን ተሻግራ ባለሻይቷ መጣች። ከሱቁ ፊት ለፊት ባለች ትንሽ ደጅ ሻይ የምትሸጥ፣ ሳትስቅ የማታወራ ሴት ናት።

«ጋሼ፣ ባዶ ሻይዎን ይዤ መጣሁ!» አለች ከውጭ ጀምራ፣ ሠፈሩ ሁሉ እንዲሰማ። ብርጭቆውን ስታስቀምጥ ለአያቷ በአንድ ዓይኗ ጠቀሰቻቸው። ልጅቷ ጎንበስ ብላ አየች። ባዶው ሻይ ታች ላይ ነጭ ወለል አለው። አያቷ ማንኪያውን አንሥተው ሲያማስሉ ወለሉ እንደ ጉም ተነሣና ጠፋ። ከሰዓት በኋላ ሁለተኛው ሻይ ሊመጣ ሲል ልጅቷ ቀድማ ተሻግራ አሠራሩን ቆማ ተመለከተች። በብርጭቆ ሁለት ማንኪያ። በሁለቱ ብርጭቆ አራት ነጭ አዝራር።

ከሰዓቱ መሃል አጎቷ የጭነት መኪናውን በር ላይ አቁሞ፣ ሞተሩን ሳያጠፋ ዘሎ ወረደ። ለሱቆች የታሸገ መጠጥ ያከፋፍላል።

«አባባ! ዛሬም ወረቀቱ ተጣሞ የተለጠፈበት አገኘሁልዎት፤ ለሱቅ አይሆንም። ሙሉ በሙሉ ፍሬ ነው! ያውና፣ ‹ስኳር ያልተጨመረበት› ይላል!» ጠርሙሱን ከፍቶ ሰጣቸው፤ እስኪጨርሱ ትከሻቸውን ይዞ ቆመ፤ ግንባራቸውን ሳመና በረረ። ልጅቷ ባዶውን ጠርሙስ አንሥታ ጀርባውን አዞረችው። ከፊት ያለው ጽሑፍ ትልቅ ነው፤ የኋላው ግን የጉንዳን ሰልፍ ይመስላል። በጣቷ እየተከተለች አነበበች፦ በጠርሙሱ ውስጥ ያለ ስኳር ሠላሳ ሁለት ግራም። ለአራት አካፈለችው። ስምንት ሰማያዊ አዝራሮች ስትጥል ብርጭቆው ኪል ማለቱን ተወ።

ከዚያ የከሰዓቷን ከረሜላ ሰጠቻቸው፤ እጇ ግን ከበደባት። ሁለተኛው ቀይ አዝራር ሲጨመር ብርጭቆው ውስጥ አሥራ ስምንት ሆነ። የስድስት ሦስት እጥፍ። ማንም አላበዛም፤ ሁሉም ትንሽ ትንሽ ነው የሰጠው፤ ሁሉም ሌላው አይሰጥም ብሎ ነው የሰጠው።

አያቷ መኪናውን መርገጥ ትተው ብርጭቆውን ያዩ ነበር።

«እኔ ነኝ እንዴ ይሄ?»

«አዎ አባባ። ያውቁ ነበር አይደል?»

«ማወቁንስ አውቃለሁ። ተጠራቅሞ አይቼው ግን አላውቅም።» ብርጭቆውን ወደ ብርሃኑ አነሡት። «ቡናማው የእናትሽ ነው?»

ራሷን ነቀነቀች።

«ትንሽ ልጅ ሆና ሳል ሲይዛት ማር በማንኪያ የማበላት እኔ ነበርኩ። አሁን ሲኒውን ይዛ በሩ ላይ ስትቆም ያቺን ልጅ ነው የማየው። ምን ብዬ ልመልሳት? አጎትሽስ ሞተር ሳያጠፋ ሮጦ የሚመጣው ለማን ብሎ ነው? ባለሻይቷ ደግሞ የልጆቿን ዩኒፎርም በነጻ ስለሰፋሁላት ነው፤ ሌላ የምትከፍለኝ ነገር የላትም።»

«እኔስ?»

«አንቺማ ደሞዝ ከፋዬ ነሽ» አሉና ሳቁ። ወዲያው ሳቁ ከፊታቸው ወረደ። «ዓይኔ፣ ለእናትሽ እንዳትነግሪያት። ሰው ወዶ የሰጠውን ፊቱ ላይ አትመልሺበትም። እኔ ሌባ ልባል፤ እነሱ ከሚያፍሩ።»

«ሱቁን ሊዘጉብዎት እኮ ነው!»

«ቃል ግቢልኝ።»

ያን ዓይነት ፊታቸውን አይታ አታውቅም። ሳታስበው «እሺ» አለች። ቃሉ ከአፏ እንደወጣ የእሳቸው ሆኖ ተሰማት።

እሁድ ከምሳ በኋላ አራቱም ጠረጴዛው ዙሪያ ነበሩ። እናቷ እጆቿን አጣጥፋ ነው የተቀመጠችው፤ አጎቷ የጠረጴዛውን ልብስ ጫፍ ይጠቀልላል።

«አባባ» አለ አጎቷ፣ ዓይኑን ሳያነሣ፤ «እኛ እኮ ለእርስዎ ብለን ነው። ለጥቂት ጊዜ ይረፉ። ዓይንዎም…»

«የዓይኔን አታንሣው።»

«ታዲያ ይንገሩን!» አለች እናቷ። «ከየት ነው የሚያመጡት? ከየትኛው ሱቅ? ማን ነው የሚገዛልዎት? ይንገሩኝና ቁልፉን አልቀበልም!»

አያቷ ሁለቱንም ተራ በተራ አዩአቸው። ከዚያ እጃቸውን ደረት ኪሳቸው ውስጥ ሰደዱና ቁልፉን አወጡ። ሰማያዊ ክር በቀለበቱ ተጠምዝዟል፤ ልጅቷ ራሷ ናት የጠመዘዘችው። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

«እሺ» አሉ።

ለደንበኛ የሚሏት ያቺው «እሺ» ነበረች። ያው ቃና፣ ያው ትንሽ የራስ ነቅነቅ። ልጅቷ ብድግ አለች።

«ወዴት ነው? ቁጭ በይ» አለች እናቷ።

ከክፍሏ ብርጭቆውን ይዛ መጣችና ቁልፉ አጠገብ አስቀመጠችው። አያቷ «ዓይኔ…» ሲሉ በዓይኗ ለመነቻቸው። ጣቶቿን ብርጭቆው ውስጥ ሰድዳ ሁለቱን ቀይ አዝራሮች ፈልጋ አወጣች።

«ናናው የእኔ ነው» አለች። «ከረሜላውን የምሰጣቸው እኔ ነኝ። ጠዋት አንድ፣ ከሰዓት አንድ። እነዚህ ናቸው።»

እናቷ አፏን ከፈተች፤ ልጅቷ ግን ካቆመች እንደማትቀጥል ስላወቀች አላቆመችም።

«እያንዳንዱ አዝራር አንድ ማንኪያ ስኳር ነው። ይሄ ሁሉ ትናንት አባባ አፍ የገባ ነው። እሳቸው አንዱንም ፈልገው አልገዙም፤ እምቢ ማለት ነው ያቃታቸው። ቀዩ የእኔ ነው። የሌላውን ባለቤት አልናገርም፤ ቃል ገብቻለሁ።» ትንሽ አሰበችና ጨመረች፦ «ቲቸር ግን ማርም ጭማቂም ይቆጠራል ብሎናል።»

አጎቷ የጠረጴዛውን ልብስ ጫፍ ለቀቀ።

«ጭማቂም?» አለ አጎቷ። «እንዴት ነው ጭማቂ… ‹ስኳር ያልተጨመረበት› ተጽፎበት የለም እንዴ!»

«አንተ!» እናቷ ወደ እሱ ዞረች። «ጭማቂ ትሰጣቸዋለህ? አንተ ነህ? ሐኪሟ ፊት እኔን ያዋረድከኝ አንተ ነህ?»

«ፍሬ ነው ብዬ እኮ ነው! ስንቱ ነው የእኔ?»

«ሰማያዊው ሁሉ» አሉ አያቷ፣ አምልጧቸው።

አጎቷ ስምንቱን አንድ በአንድ ሲለቅም መዳፉ ሞላ። ያየውን ማመን አቃተው። እናቷ ልትስቅበት ጀምራ ነበር፤ ሳቋ መሃል ላይ ቆመ። ብርጭቆው ውስጥ ቡናማዎቹ ከነጮቹ ጋር ቀርተዋል። የወጥ ቤታቸው የማር ማሰሮ ቀለም ነው። ለረጅም ጊዜ አየቻቸው። ከዚያ ማንም ሳይጠይቃት እጇን ዘረጋችና አራቱን አወጣች።

«አባባ» አለች ቀስ ብላ። «እየጮኽኩብዎት ለምን ዝም አሉኝ?»

«ምን ልበልሽ? ‹ያንቺው ማር ነው› ልበልሽ?»

እናቷ ፊቷን አዝራሮቹን በጨበጠ ቡጢዋ ሸፈነች፤ ትሳቅ ታልቅስ አልለየም፤ ትከሻዋ ብቻ ይንቀጠቀጥ ነበር። አያቷ ኮት እንደሚያለሰልሱ አድርገው ጀርባዋን አሹላት።

«ነጮቹስ?» አለ አጎቷ።

«እነሱ የእኔ ጉዳይ ናቸው» አሉ አያቷ። «ራሴ እነግራታለሁ።»

እናቷ በአንድ ጣቷ ቁልፉን ገፋ አድርጋ ወደ አያቷ መለሰችው።

ሰኞ መምህሩ ብርጭቆውን አንሥቶ አራቱን ነጭ አዝራሮች አየ። «ይሄ ብቻ? ወይስ የቀረ አለ?»

«የቀረውን ባለቤቶቹ ወሰዱት» አለችው።

ራዲዮ ከኋላዋ «እኔ ደግሞ የአባቴን ጓዝ ተሸክሜ መጣሁ» ብላ በባቄላ የሞላ የሾርባ ጎድጓዳ ሳህን ዘረገፈች።

ከሰዓት ሱቁ ስትገባ አያቷ ኮት በእጃቸው እየሰፉ ነበር። ብርጭቆውን መስኮቱ ላይ መለሰችው። ከረሜላ አላወጣችም፤ እሳቸውም እጃቸውን አልዘረጉም። ሁለቱም ግን በዚያ ሰዓት ምን ይደረግ እንደነበር ያውቃሉ፤ ትንሽ አፈሩ።

«ባለሻይቷን ነገሯት?» አለች።

«አሁን ስትመጣ እነግራታለሁ። ቃሉን እያዘጋጀሁ ነው።»

ባለሻይቷ «ባዶውን ይዤ መጣሁ!» እያለች ገባች። አያቷ ጉሮሮአቸውን ጠረጉ። ቀና አሉ። ከብርጭቆው አንድ ነጭ አዝራር አንሥተው በጣቶቻቸው መሃል አሽከረከሩት።

«እሺ» አሉ አያቷ፤ «እግዜር ይስጥልኝ።»

ባለሻይቷ ስቃ ወጣች። አያቷ አንገታቸውን ደፉ።

ልጅቷ ሻዩን አየችው። ታች ላይ ነጩ ወለል ገና አልተነካም። እሷ ራሷ ሻይ የምትወደው በሦስት ማንኪያ ነው፤ ያውም የተከመረ። ብርጭቆውን አንሥታ መንገዱን ተሻገረች።

«እትዬ፣ እኔና አባባ አንድ ነገር ጀምረናል። እስቲ ይርዱን።»

«ምን ልርዳሽ የኔ ቆንጆ?»

«ከዛሬ ጀምሮ ሁለት ሻይ ይላኩልን። የእሳቸውም የእኔም የእውነት ባዶ ይሁን። እኔ ብቻዬን አልችለውም፤ እሳቸውም ብቻቸውን አይችሉትም።»

ባለሻይቷ ብርጭቆውን ተቀብላ ወደ ብርሃኑ አነሣችው። ታች ያለውን ነጭ አየች፤ ማዶ በመስኮቱ የሚታዩትን አያቷን አየች። ሳቋ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠፋ።

«ጎድቻቸው ነው?»

«እኔም ጎድቻቸው ነበር» አለች ልጅቷ። «ሁላችንም። ሻይዎን ግን ይወዱታል።»

ባለሻይቷ ሻዩን ደፋችው። ሁለት ብርጭቆ አጥባ፣ ከማንቆርቆሪያው ቀድታ፣ ተሻግራ ራሷ አስቀመጠችላቸው። ከመውጣቷ በፊት የአያቷን ክንድ ጨበጥ አደረገች።

ልጅቷ መጀመሪያ ጠጣች። ፊቷ ተጨማደደ፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ። አያቷ አይተዋት ሳቁ፤ በጣም ስለሳቁ መርፌው ከእጃቸው ወደቀ።

«ይለመዳል?» አሏት።

«እኔ እንጃ አባባ። እስቲ ነገም እንሞክረው።»

ጎንበስ ብላ መርፌዋን አነሣችላቸው። ክሩ ወጥቶባታል። እንደ ልማዷ ልታስገባ ወደ ዓይኗ ስታስጠጋ አያቷ እጃቸውን ዘረጉ።

«አምጪው፤ እኔ ልሞክር።»

ሰጠቻቸው። አያቷ ክሩን በምላሳቸው አረሱ፤ ወደ መስኮቱ ዞሩ፤ አንድ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ክሩ በጎን አለፈ። ደግመው አረሱት። ልጅቷ ለመርዳት እጇ ሲበላት ብርጭቆዋን በሁለት እጇ ያዘችና፣ ያንን መራራ ሻይ ፉት እያለች ጠበቀቻቸው።